የወባን ተውሳክ አጓጓዥ ፕሮቲን በየትኛው የላቦራቶሪ (ላብ) ዘዴ እናጥና? ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ተመራማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ፔዳ ግቢ ውስጥ አገኘችኝና ፕሮፖዛሏን ሰጠችኝ። ርዕሱ በጣና ዙሪያ ወረዳዎች ፒኤፍሲአርቲ የተባለው የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ያለውን መድኃኒት የማጓጓዝ ተግባር ስለማጥናት ነው። ገጹን ገልጬ የዘዴው ክፍል ላይ ስደርስ ያለው ፒሲአር፣ ማለትም የዲኤንኤ ቁራጭ የሚያባዛ ዘዴ፣ ብቻ ነው።

«መምህር፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ ፊቴን አይታ።

«ምንም አላጠፋሽም። ግን ርዕስሽ ሌላ ይጠይቃል፣ ዘዴሽ ሌላ ይመልሳል» አልኳት።

ይህ ነገር በየዓመቱ ያጋጥመኛል። ተማሪው ላብ ውስጥ ያለውን ማሽን አይቶ ይነሳና ጥያቄውን በማሽኑ ልክ ይሰፋል። ወይም ደግሞ ከውጭ አገር ጽሑፍ ላይ ያማረ ዘዴ አይቶ ይመኝና ዓመቱ ሬጀንት (የላብ ኬሚካል) ሲጠብቅ ያልቅበታል። እኔም ሁለቱንም ስህተት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ፕሮቲኑ

ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሂሞግሎቢን ይበላል። የበላውን የሚፈጭበት ትንሽ ከረጢት አለው፤ የከረጢቱ ውስጥ አሲዳማ ነው። ፒኤፍሲአርቲ የተተከለው በዚህ ከረጢት ግድግዳ ላይ ነው። 424 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ግድግዳውን 10 ጊዜ እየበሳ ወዲያና ወዲህ ያልፋል። ከሂሞግሎቢን የተፈጩ አጫጭር ፔፕታይዶችን ከከረጢቱ ያወጣል።

ክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት የሚሠራው እዚሁ ከረጢት ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። ሂሞግሎቢን ሲፈጭ የሚቀረው ሂም ለተውሳኩ መርዝ ነው፤ ተውሳኩ ወደ ክሪስታል ለውጦ ነው የሚገላገለው። ክሎሮኪን ይህን ያግዳል። ፕሮቲኑ ላይ 76ኛው ቦታ ያለው ላይሲን ወደ ትሪዮኒን ሲቀየርና ሌሎች ለውጦች አብረው ሲመጡ ግን ፕሮቲኑ መድኃኒቱን ጠርጎ ማውጣት ይጀምራል። ጂኑ ክሮሞዞም 7 ላይ ነው፤ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

ለእኛ ለምን ይጠቅመናል? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፋልሲፓረም ኮአርተምን ዋና መድኃኒት አድርጋለች። ለሌላው የወባ ተውሳክ ለቫይቫክስ ግን ክሎሮኪን ቀጥሏል። ሁለቱ ተውሳኮች ደግሞ በፎገራና በደራ አንድ መንደር ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ውስጥ ይኖራሉ። ማላዊ ክሎሮኪንን እ.ኤ.አ. በ1993 ሙሉ በሙሉ ስትተው፣ መድኃኒቱ የሚገድለው ነባር ዓይነት ቀስ በቀስ ተመልሶ መጥቷል። እኛ ጋ መድኃኒቱ ከመንደር አልወጣም። ነባሩ ዓይነት ተመልሷል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ገና ትኩስ ነው።

መመዘኛዎቹ

ዘዴ ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ። ውጤቱ ስለ ጂኑ፣ ስለ ፕሮቲኑ ወይስ ስለ ማጓጓዙ ነው የሚነግራችሁ? ናሙናው ደረቅ ደም ይበቃዋል ወይስ ሕይወት ያለው ተውሳክ ይፈልጋል? መብራት ለስድስት ሰዓት ቢጠፋ ምን ይበላሻል? ከናሙና እስከ ውጤት ስንት ቀን ይፈጃል? ሬጀንቱ አልቆ ሌላ ቢታዘዝ በስንት ጊዜ ይደርሳል? ብር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ርካሽ ዘዴ የማትፈልጉትን ጥያቄ ከመለሰ ውድ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። ጂኑ ተለውጧል ማለት ፕሮቲኑ መድኃኒቱን ሲያወጣ አይቻለሁ ማለት አይደለም። አንዱ ከሌላው ጋር በብዙ ጥናት ስለተያያዘ ምልክት አድርገን እንጠቀምበታለን እንጂ፣ ማጓጓዙን ራሱን አልለካንም።

1. ፒሲአር እና መቁረጫ ኢንዛይም

ለብዙዎቻችሁ የሚሆነው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ከታካሚው ጣት ሁለት ሦስት ጠብታ ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይወሰዳል። ወረቀቱ ጥላ ውስጥ በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በፕላስቲክ ይታሸጋል። ፍሪጅ አይፈልግም። ከቁንዝላም ይምጣ ከጎርጎራ፣ በቦርሳ ይመጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ሐይቁ ዳር፣ በተለይ መስከረም ላይ፣ አየሩ እርጥብ ነው። ወረቀቱ የደረቀ ይመስላል። በጣት ስትነኩት ግን መሃሉ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ካሸጋችሁት ሻጋታ ያበቅላል። ማታ አስጥታችሁ ጠዋት እሸጉ።

ላብ ውስጥ ዲኤንኤው ይወጣል፤ ከዚያ በሁለት ዙር ፒሲአር 76ኛውን ቦታ የያዘች 145 ፊደል ርዝመት ያላት ቁራጭ ትባዛለች። በመቀጠል «አፖ ዋን» የሚባለው መቁረጫ ኢንዛይም በ50 ዲግሪ ይጨመርባታል። ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ነባሩን ዓይነት ብቻ ነው፤ 99 እና 46 ፊደል ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ። የተለወጠው ዓይነት ሳይቆረጥ 145 ሆኖ ይቀራል። ሰውየው ሁለቱንም ዓይነት ከያዘ ቁራጮችን በርዝመታቸው በሚለየው ጄል ላይ ሦስቱም መስመሮች ይታያሉ። የ46ቷ መስመር ቀጭን ስለሆነች ወፍራም ጄል፣ ወደ 3 በመቶ አጋሮዝ ተጠቀሙ። በሦስት ቀን ሥራ ውጤት በእጃችሁ ይገባል።

አሁን ወጥመዱን ላሳያችሁ። ከዓመታት በፊት አርባ ናሙና ሠርቼ ጄሉን መብራት ላይ ሳስቀምጠው፣ አርባዎቹም 145 ላይ ተሰልፈዋል። አንድም የተቆረጠ የለም። ሁሉም የተለወጠ ዓይነት ነው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ውጤቱ ጥርት ያለ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን «ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፍቶ አልነበር እንዴ?» አለኝ። ፍሪዘሩ ቀልጦ ተመልሶ በርዷል። ኢንዛይሙ ሞቷል። የሞተ ኢንዛይም ምንም አይቆርጥም፤ የማይቆረጥ ደግሞ «የተለወጠ» ተብሎ ይነበባል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ጄል ላይ ነባር ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀውን፣ 3ዲ7 የተባለውን የላብ ተውሳክ ዲኤንኤ አስገቡ። እሱ ካልተቆረጠ የዚያን ቀን ውጤት ጣሉት። የተለወጠውን የዲዲ2 ዲኤንኤም ከጎኑ አድርጉ። ኢንዛይሙን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚ መጀመሪያ ሊጠይቃችሁ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

ዘዴው የማያየው ምንድን ነው? ከ76 ውጭ ያለውን ሁሉ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ፒፐራኪን የተባለውን መድኃኒት እንዲቋቋም ያደረጉት የዚሁ ፕሮቲን ለውጦች፣ ለምሳሌ 145ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ያለው፣ በዚህ ዘዴ አይታዩም። (ይህ 145 ከቁራጯ ርዝመት ጋር በአጋጣሚ ነው የገጠመው፤ ተማሪዎች ሲያምታቱት አይቻለሁ።)

2. የጂኑን ፊደል ማንበብ

ሲኩዌንሲንግ ያንኑ ደረቅ ደም ይጠቀማል፤ ግን አንድ ቦታ ሳይሆን ሙሉ ቁራጩን ያነባል። ከ72 እስከ 76 ያሉት አምስት አሚኖ አሲዶች ተውሳኩ ከየት ዘር እንደሆነ ይናገራሉ። በነባሩ ሲቪኤምኤንኬ ናቸው (እያንዳንዱ ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ ነው)። በአፍሪካና በእስያ በብዛት የሚታየው የተለወጠው ዓይነት ሲቪአይኢቲ ነው። በደቡብ አሜሪካ ደግሞ ኤስቪኤምኤንቲ ይበዛል። መቁረጫው ኢንዛይም ሁለቱን የተለወጡ ዓይነቶች አይለያቸውም።

ጉዳቱ ውጭ መላክ ነው። የናሙና ማስተላለፊያ ውል፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ የጉምሩክ ወረቀት አለው። በእጅ መዳፍ የሚያዝና ከላፕቶፕ ጋር የሚሰካው ሚንአዮን ነገሩን አቅልሎታል። የሱ ማንበቢያ ሴልና ኬሚካል ግን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የአገልግሎት ጊዜውም አጭር ነው። ሃምሳ ናሙና ሳትሰበስቡ አትዘዙት።

የእኔ ምርጫ ሁለቱን ማጣመር ነው። ሁሉንም ናሙና በኢንዛይም ሥሩ፣ ከአሥር አንዱን ወይም አጠራጣሪ የሆኑትን ብቻ አስነብቡ።

3. ፕሮቲኑን ራሱን በአንቲቦዲ ማየት

ዌስተርን ብሎት የተባለው ዘዴ ፕሮቲኑን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ መኖሩንና መጠኑን ያሳያል፤ ክብደቱ ወደ 49 ኪሎዳልተን ነው። በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ደግሞ የት እንደተቀመጠ ይታያል። በጊምዛ የተቀባ ስላይድ ያየ ሰው የተውሳኩ ሆድ ውስጥ ያለችውን ቡናማ ነጥብ ያውቃታል፤ እሷ ናት የሂም ክሪስታል። የአንቲቦዲው ብርሃን ያችን ነጥብ እንደ ቀለበት ሲከባት ማየት ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ላብ ውስጥ ያደገ ብዙ ተውሳክና ጥሩ አንቲቦዲ ይፈልጋል። አንድ የእጅ ምክር ልስጣችሁ፤ ናሙናውን እንደ ሌላው ፕሮቲን አታፍሉት። ግድግዳ ውስጥ የሚኖር ፕሮቲን ሲፈላ እርስ በርሱ ይጣበቅና ጄሉ አናት ላይ ቆሞ ይቀራል። በተረፈ ማጓጓዙን አይነግራችሁም። ለሜዳ ጥናት አልመክረውም።

4. ሕያው ተውሳክ ላይ መድኃኒት መሞከር

እዚህ ነው የፕሮቲኑ ሥራ መታየት የሚጀምረው። ተውሳኩ በሰው ቀይ የደም ሕዋስ፣ በ37 ዲግሪ፣ ኦክስጅን ባነሰበት አየር ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ይህ የማሳደግ ዘዴ ሲወጣ ኦክስጅኑን የሚቀንሱት የታሸገ ማሰሮ ውስጥ ሻማ እያበሩ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። ከዚያ የተለያየ መጠን ያለው ክሎሮኪን ይጨመርና ከ72 ሰዓት በኋላ ዲኤንኤን በሚያበራ ቀለም እድገቱ ይለካል። ቬራፓሚል የተባለው የልብ መድኃኒት ሲጨመር ክሎሮኪን እንደገና መሥራት ከጀመረ፣ ተጠያቂው የተለወጠው ፒኤፍሲአርቲ ስለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው።

ከባዱ ነገር ተውሳኩ በ48 ሰዓት አንድ ዙር የሚጨርስ መሆኑ ነው። ጥምቀትም ይሁን ፋሲካ፣ ምግቡ በየቀኑ ይቀየራል። ኢንኩቤተሩ ያለ መብራት ካደረ የወራት ሥራ ይሄዳል። በቀጥታ ከታካሚ የተወሰደ ደም ከሆነ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሶቹን ማጣራት ግድ ነው። ቀይ ሕዋስ ኒውክለስ የለውም፤ ነጩ ግን አለው፤ ቀለሙ የሱንም ዲኤንኤ ያበራና ቁጥሩን ያዛባዋል። ናሙናው ከሐይቁ ማዶ በጀልባ የሚመጣ ከሆነ ሰዓቱን ቀድማችሁ ቁጠሩት፤ ተውሳኩ በሕይወት መድረስ አለበት።

5. የእንቁራሪት እንቁላል

የማጓጓዝ ጥያቄን በቀጥታ የሚመልሰው ይህ ነው፤ ከሁሉም የምወደውም ይኸው ነው። ዜኖፐስ የምትባለው እንቁራሪት እንቁላል ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል። በዓይን ይታያል፣ በመርፌ ይወጋል። የፕሮቲኑ መልእክት አርኤንኤ ይወጋበትና እንቁላሉ ራሱ ፕሮቲኑን ሠርቶ ቆዳው ላይ ይተክለዋል። ውጭው ፈሳሽ አሲዳማ ይደረጋል፤ እንደ ከረጢቱ ሆድ ማለት ነው። የእንቁላሉ ውስጥ በተውሳኩ ሳይቶፕላዝም ቦታ ይቆማል። ስለዚህ ወደ እንቁላሉ የገባ ክሎሮኪን ከከረጢቱ እንደወጣ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በዚህ ዘዴ የተለወጠው ፕሮቲን ክሎሮኪንን እንደሚያጓጉዝ፣ ነባሩ ግን እንደማያጓጉዝ ታየ። ኋላም የ76ኛው ቦታ ለውጥ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቢያንስ አንድ ሌላ ለውጥ እንደሚያስፈልገው ታወቀ። ጄል ላይ አንድ መስመር አይታችሁ «ፕሮቲኑ መድኃኒቱን ያወጣል» ብላችሁ እንዳትጽፉ የምለምነው ለዚህ ነው።

የሚፈልገው ግን ብዙ ነው። ጤንነታቸው የሚጠበቅ እንቁራሪቶች፣ ጥቃቅን መርፌ የሚወጋ መሣሪያ፣ ጨረር የሚያመነጭ ክሎሮኪንና እሱን የመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። ከጣና ዳር የተያዘ እንቁራሪት አይተካቸውም። ይህን መሥራት የፈለገ የፒኤችዲ ተማሪ ዘዴው ወደሚሠራበት ላብ ለስድስት ወር ሄዶ ቢማር ይሻለዋል።

6. የፕሮቲኑን ቅርጽ ማየት፦ ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና ኮምፒውተር

የፒኤፍሲአርቲ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2019 በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በ3.2 አንግስትሮም ጥራት ታይቷል። ፕሮቲኑ ለዚህ ማሽን ትንሽ ስለሆነ የአንቲቦዲ ቁራጭ ተለጥፎበት ነው የተቻለው። እኛ ማሽኑን አንገዛም፤ ግን አያስፈልገንም። ቅርጹ በፕሮቲን ዳታ ባንክ በነፃ ተቀምጧል።

ላፕቶፕና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ 76ኛውን ቦታ መሃል ቀዳዳው ውስጥ ማየት ይችላል። ላይሲን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። አሲድ ውስጥ ያለ ክሎሮኪንም ፖዘቲቭ ነው። ይገፋፋሉ። ላይሲኑ ሲነሳ በሩ ይለሰልሳል። ይህን በክፍል ስክሪን ላይ ሳሳይ ተማሪዎች ዝም ይላሉ፤ ገባቸው ማለት ነው።

ሆኖም መድኃኒቱን ቀዳዳው ውስጥ በኮምፒውተር አስገብቶ ነጥብ ማውጣት ማስረጃ አይሆንም፤ ግምት ነው። እንደ አልፋፎልድ ያሉ የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብዩ ፕሮግራሞችም የአንድ አሚኖ አሲድ ለውጥ የሚያመጣውን ልዩነት በአስተማማኝ አያሳዩም። ለብቻው የመመረቂያ ሥራ ከማድረግ ይልቅ ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ዘዴ ጋር አጣምሩት።

በአንድ እይታ

| ዘዴ | የሚመልሰው | ናሙና | ጊዜ | መብራት ቢጠፋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፒሲአር እና ኢንዛይም | 76ኛው ቦታ ተለውጧል ወይ? | ደረቅ ደም | 3 ቀን ገደማ | ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ናሙናው ይተርፋል | ዝቅተኛ |
| ሲኩዌንሲንግ | የትኞቹ ለውጦች አሉ? | ደረቅ ደም | ሳምንታት፣ ከተላከ ወራት | ሬጀንቱ ይጎዳል | መካከለኛ |
| አንቲቦዲ | ፕሮቲኑ አለ ወይ? የት? | ብዙ ተውሳክ | ሳምንታት | አንቲቦዲው ይጎዳል | መካከለኛ |
| ሕያው ተውሳክ | መድኃኒቱ ይገድለዋል ወይ? | ትኩስ ደም ወይም ያደገ ተውሳክ | 72 ሰዓት፣ ዝግጅቱ ወራት | ሁሉም ይጠፋል | ከፍተኛ |
| የእንቁራሪት እንቁላል | ፕሮቲኑ ያጓጉዛል ወይ? | የተዘጋጀ አርኤንኤ | ዝግጅቱ ወራት | እንቁላሉ ይሞታል | በጣም ከፍተኛ |
| ኮምፒውተር | ለምን ሊሆን ይችላል? | የለም | ቀናት | ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራል | ከሁሉም ዝቅተኛ |

ለማን የቱ ይሻላል?

የአንድ ዓመት ጊዜና የዩኒቨርሲቲ በጀት ብቻ ያላችሁ የማስተርስ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ያዙ፤ አቅም ካለ ጥቂቱን አስነብቡ። ርዕሳችሁን ግን «ተግባር» ከማለት «የለውጡ ስርጭት» በሉት።

ጤና ተቋም ውስጥ የመድኃኒት መቋቋምን ለመከታተል የምትሠሩ ከሆነ ሲኩዌንሲንጉ ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ አዲስ ለውጥ የሚመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው። ገንዘብ፣ ጄኔሬተርና ተተካክቶ የሚሠራ ሁለት ሰው ያለው ላብ ሕያው ተውሳክን ይሞክር። ብቻችሁን ከሆናችሁ አትጀምሩት። ለመጀመሪያ ዲግሪ የምታስተምሩ ደግሞ ኮምፒውተሩን ውሰዱ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ቫይቫክስን ለማጥናት የምታስቡ ተጠንቀቁ። ተመሳሳይ ፕሮቲን አለው፤ ነገር ግን የ76ኛው ቦታ ምልክት ለሱ አይሠራም። ላብ ውስጥም እንደ ፋልሲፓረም ያለማቋረጥ አይራባም። ፒሲአሩ ላይ የሁለቱን ዝርያ መለየት አስቀድማችሁ ሥሩ።

ያቺ ተማሪ ርዕሷን ቀየረች። ፒሲአሩን ይዛ ሀያ ናሙና ለማስነበብ ወሰነች፤ 3ዲ7ን ደግሞ በየጄሉ የመጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ጻፈችው። የቀራት የጊዜ ጉዳይ ነበር። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ግን ወራት ይወስዳል። ጥቅምት ላይ ያስገባ ሰው ፈቃዱ ሲደርሰው ታካሚው አልፏል። ማመልከቻውን ሚያዝያ ላይ አስገቡ፣ ሲሊካ ጄሉን ሰኔ ላይ ግዙ፣ የስምምነት ቅጹንም በአማርኛ አዘጋጅታችሁ ለአንድ ገበሬ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ያልገባው ቃል ካለ እዚያው ቀይሩት።